ጢጥ ያላለው ጫማ

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ግን የተረተልን የለም። እኛ ወሎዬዎች በሽተኛ መጠየቅ እናውቅበታለን። ታማችሁ ካላያችሁን አታውቁንም፤ ታማችሁ ካያችሁን ደግሞ ዕረፍት አንሰጣችሁም።

አባቴን ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ያዛቸውና ከሚኖሩባት ከግራና ከተማ ወደ ወልድያ፣ እኔ ቤት አመጣኋቸው። አንደበታቸው ተርፏል፤ ግራ እግራቸው ግን መርገጥ ረስቷል። ፊዚዮቴራፒስቷ ጫማ ውስጥ የሚገባ ስስ ሶል ሰጠችን። እግሩ ክብደቱን በደንብ ሲሸከም «ጢጥ» ይላል፤ ካልተሸከመ ዝም። እግር የረሳውን ጆሮ ያስታውሰዋል ማለት ነው። «ማንም እንዳይደግፋቸው» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሶሉ የሁለት ሳምንት ውሰት ነው፤ ሌላ በሽተኛ ይጠብቀዋል። አባቴ የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ ግራና ተመልሰው ለጁምዓ መስጊድ በራሳቸው እግር መግባት።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። ከግራና፣ ከመርሳ፣ ከሐራ፣ በሚኒባስ፣ በባጃጅ። አባቴ ደግሞ እንግዳ እስከ በር ካልሸኙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ገና ብድግ ሲሉ አንዱ በቀኝ ብብት፣ አንዱ በግራ። «አብሽሩ ጋሽ ሰይድ፣ እኛ እያለን!» አባቴ በሰው ትከሻ ተንሳፍፈው በሩ ጋ ይደርሳሉ። ጢጥ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ፤ አባቴን አሰሯቸው።

ባስረዳ ማን ሊሰማኝ? አንድ የመርሳ ሽማግሌ «አባትህ ሲወድቁ ቆመህ ልታይ ነው?» ብለው በሰው ፊት አሳፈሩኝ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። በቃኝ። በአስረኛው ቀን በሩን ቆለፍኩና «ተኝተዋል» እያልኩ በመስኮት ጠያቂ መመለስ ጀመርኩ። በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ነውር ካለ ንገሩኝ።

«አባ፣ አሁን ይራመዱ። የሚነካዎ የለም።»

ጢጥ። አንድ እርምጃ። ጢጥ። እንባዬ መጣ። በሦስተኛው ዘንበል ሲሉ ሳላስበው ዘልዬ ብብታቸውን ያዝኩ። ሶሉ ዝም አለ።

አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። «ያን ሁሉ እንግዳ የመለስከው አንተ ልትይዘኝ ነው?»

አፍሬ ለቀቅኳቸውና እጄን ኪሴ ከተትኩ። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። እኔ ወደ መስኮቱ ሳልደርስ አባቴ «እንግዳ ደጅ አይቆምም» ብለው ራሳቸው ሊከፍቱ አመሩ። ጢጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጢጥ። በሩ መቆለፉን አላወቁም፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። እንግዳው ይቅር ይበለኝ፣ አባቴ በሩ ጋ እስኪደርሱ አላወጣሁትም።