የብርቄ መንጋጋ

ሰው ከራሱ ፊት ይልቅ የጎረቤቱን ፊት አብልጦ ያውቃል። የራሳችሁን በቀን አንዴ በመስታወት ብታዩት ነው፤ የጎረቤታችሁን ግን ከአጥር ማዶ፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከማኅበር፣ ሳታስቡት ስታጠኑት ትውላላችሁ። እኔ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ብተወውም ይህን ጥናት አልተውኩም። ሐሜተኛ ትሉኝ ይሆናል። የደባርቅ ሰውም እንዲሁ ነው የሚለኝ።

ብርቄ የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ ነበረች፤ አጥራችን አንድ ነው። ቁመናዋ ሸጋ፣ ዓይኗ ሳትኳለው የተኳለ። ብቻ የታች መንጋጋዋ አደገና አደገና ከላይኛው ቀድሞ ወጣ። የፊት ጥርሷ አይገጥምምና እንጀራ እንኳ አይቆርጥላትም፤ ሰው ፊት እንዳትበላ በፋሲካም «ጾም ነኝ» ትላለች። ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ስባ ነው የምትሄደው። ፎቶ የሚባል ነገር አታስጠጋም።

እኔስ? እኔማ ማኅበር ላይ ጨዋታ ሲቀዘቅዝ መንጋጋዬን ወደ ፊት አውጥቼ፣ ነጠላዬን ስቤ፣ በእሷ አነጋገር «ደኅና ዋላችሁ» እላለሁ። ሴቶቹ በሳቅ ይወድቃሉ። አንድ ቀን እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

በኋላ መንጋጋ የሚያስተካክሉ ሐኪሞች ተገኙ ተባለና ብርቄ ከተማ መመላለስ ጀመረች። መጀመሪያ ሽቦ አስረው ጥርሷን አሰለፉት። ከዚያ የራስ ቅሏን ምስል በመሣሪያ አንስተው ኮምፒዩተር ላይ አቆሙት። እዚያው፣ ጠብታ ደም ሳይፈስ፣ መንጋጋዋን ቆርጠው ወደ ኋላ ገፉት፤ ስንት ሚሊሜትር እንደሚሄድ፣ የቱ ጥርስ ከየቱ እንደሚገጥም ለኩ። በላዩ ሥጋ አልብሰው «ስትድኝ ይህን ትመስያለሽ» ብለው በወረቀት አትመው ሰጧት። ሐኪሙ ግምት ነው፣ ቁርጡ ይህ አይደለም ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። ማን ሰማው።

ለእኔም አሳየችኝ። ለእኔ!

«ያምራል?» አለችኝ፣ ነጠላዋን እንደያዘች።

ያምራል፤ ብቻ አንች አይደለሽም ልላት ነበር። ሐሜተኛም አንዳንዴ አፏን ትይዛለች። «ያምራል» አልኳት።

ቀጠሮዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ «ሆስፒታል ስተኛ እናቴን ጠብቂልኝ» ልትላት ወደ አክስቷ ወረደች። ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የተሳፈረችበት መኪና ተገለበጠ።

ለልቅሶው እንደ ወጉ የሚያዝ ፎቶ ተፈለገ። ከየት ይምጣ? አጎቷ ያችን ወረቀት ከጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አገኛትና አስፋፍቶ፣ መስታወት አልብሶ ድንኳን ይዞ ገባ። አልቃሿ ተቀብላ ጥርሷን፣ አገጯን እያሞገሰች ታስለቅስ ጀመር። ሰው ሁሉ ደረቱን ደቃ። የእትዬ ጥሩወርቅ ዓይን ግን ደረቅ ነበር።

«ይችን ሴት እኔ አልወለድኋትም» አሉ።

የቀበሌ መታወቂያዋ ተፈልጎ መጣ። ፎቶውን ራሷ በምላጭ ፍቃዋለች። የድሮ ፊቷ ከሐኪሞቹ ኮምፒዩተር ውስጥ አይጠፋም አለ አጎቷ፤ እስኪመጣ ማን ዕንባ ያቆያል?

እትዬ ጥሩወርቅ ድንኳኑን በዓይናቸው ዞረው ዞረው እኔ ላይ ቆሙ።

«ነይ።»

ሄድኩ።

«እንደሷ አድርጊ።»

«ምኑን እትዬ?»

«አይቼሻለሁ። አድርጊልኝ፤ ልጄን ልያት።»

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ነጠላዬን ሳብኩ፤ መንጋጋዬን አወጣሁ። የሳቀ የለም። ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው «ብርቄ» አሉኝ። ያኔ ነው ያለቀሱት።

ዛሬም ሲብስባቸው በአጥር ይጠሩኛል። ሥራዬን ጥዬ እሄዳለሁ፤ ተቀምጬ መንጋጋዬን አወጣለሁ፤ ሲበቃቸው እመለሳለሁ። ማኅበር ላይ ግን ትቼዋለሁ። ሴቶቹ ኮራችብን፣ ጨዋታ ጠፋባት እያሉ ያሙኛል አሉ።

ይሙኝ።