አሸዋና መፈክር

ዕቃው ሲጎድልበት በመፈክር የሚሞላ አቅራቢ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ዘመን፣ ቦሌ ውስጥ ለሚሠራ መዋዕለ ሕፃናት የግንባታ ተቆጣጣሪ ሳለሁ ገጥሞኛል። አንድ ጠዋት በገልባጭ መኪና ግማሹ አፈር የሆነ አሸዋ ይዞ መጣ።

«ግድግዳው ሕፃናቱ ላይ ይወድቃል፤ አልረከብም» አልኩት።

«ጓድ፣ አብዮቱን ትጠራጠራለህ?» ብሎ ሠራተኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸብኝ።

ይህ ጥያቄ ያኔ ሰው ያሳስር ነበር። ቢሆንም ከአሸዋው አንድ እፍኝ ዘግኜ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመርኩና ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ ውሃው ጭቃ ሆነ።

«አብዮቱ ይህን ጭቃ ይመስላል ማለትህ ነው፣ ጓድ?»

አቅራቢው ማን እንደሰማ ዙሪያውን ቃኘና ሾፌሩን «መልሰው፣ መልሰው!» አለው።

እኔም ብዙ ሳልቆይ «ንቃተ ኅሊና ይጎድለዋል» ተብዬ ተዛወርኩ። ይጉደለኝ! ግድግዳው ውስጥ ግን ከዚያ አፈር አንድ አካፋ አልገባም።