ከድር፣ ከብሳና ካሎሪ

የታሸገ ምግብ ሁሉ ገልብጦ ጀርባውን ሳያነብ የማይበላ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ከድር ይባላል። ዳላስ ታክሲ ይነዳል። ዶክተሩ "ስኳር አፋፍ ላይ ነህ፣ ክብደት ቀንስ" ካለው ወዲህ የካሎሪ መጽሐፍ ከኪሱ አይጠፋም።

አንድ እሁድ፣ ጅዳ ኖራ የመጣችው ጓደኛችን ሀያት እዚያው ዳላስ አጠገብ ካሮልተን ያለው አፓርትመንቷ ጠራችንና የዓረቦቹን ከብሳ አቀረበች። የበግ ሥጋው ሩዙ ላይ ጉብ ብሏል፤ የሄሉና የቀረፋው ሽታ ፓርኪንግ ድረስ ወጥቶ ነው የተቀበለን። ከድር መጽሐፉን አገላበጠ፤ ከብሳ የሚባል የለም።

"ሀያትዬ፣ ሰርቪንግ ሳይዙ፣ የአንድ ሰው ድርሻ ማለቴ፣ ስንት ነው?"

"ትሪው ነዋ!"

ከድር ደነገጠ። ሦስት ጊዜ ብቻ ጎረሰና "ኦኬ፣ በቃኝ" አለ። የጋበዘ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? ሀያት አጎረሰችው። ደገመችው። እኔም አከልኩበት። መች እምቢ አለ!

"ካሎሪውስ?" አልኩት።

"ማለቴ... ጉርሻ አይቆጠርም። እኔ አላነሳሁትማ!"

እንዲህ ያለ ሳይንስ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይገኛል?

በሚቀጥለው እሁድ ትሪው ሲመጣ ሁላችንም እጃችንን ልንታጠብ ተነሳን። ከድር ግን ንቅንቅ አላለም።

"አትታጠብም እንዴ?"

"ዳይት ላይ ነኝ፤ ዛሬ ምንም አልነካም" አለና፣ እጁን አጣምሮ አፉን ከፈተ።