ሻምበል ያደረግናቸው ሃምሳ አለቃ

በእኛ ከተማ ሰው ሲሞት ይሾማል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በቁሙ ሰላምታ የነፈግነው ጎረቤት ጉድጓዱ አፋፍ ሲደርስ «የሁሉ ወዳጅ» ይሆናል፤ ከግማሽ ብሎክ ጋር ተካስሶ የኖረውም «ሰላም ወዳድ» ተብሎ ይነበብለታል። ይህን የምለው ከዳር ቆሜ ለመታዘብ አይደለም። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ዕድር ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ በየቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈውም እኔው ነኝ። ማንንም እንደነበረ አድርጌ ቀብሬ አላውቅም።

ሃምሳ አለቃ ደምሴን ግን የሾምናቸው ሞት እስኪመጣ እንኳ ሳንጠብቅ ነው። የድሮው ጦር ወታደር ነበሩ፤ ልጅ ስላልነበራቸው ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ብቻቸውን አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ዕድሩን ባቋቋምንበት ሰሞን ከማዶ ያለው ብሎክ አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል ነበረው። የጋራ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ኮሎኔላቸውን ከፊት ወንበር ያስቀምጡብናል። እኛ ያለን አንድ ሃምሳ አለቃ! ማን እንደጀመረው አላስታውስም፤ ብቻ አንድ እሑድ ሰውየውን «ሻምበል» ማለት ተጀመረ፣ በዚያው ጸና። እሳቸው መጀመሪያ ላይ «ኧረ ሃምሳ አለቃ ነኝ» ይሉ ነበር፤ እኛ ትሕትና ነው አልን። አንድ ጊዜማ ቤቴ ድረስ ወርደው «ሻምበል» ብዬ የጻፍኩበትን የዕድሩን መዝገብ እንዳስተካክል ጠየቁኝ። «ሲያንስዎት ነው ጋሼ!» ብዬ ስቄ ሸኘኋቸው። ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

የሞቱት በሕመም ነው፣ ቤታቸው ውስጥ። አስከሬን ከአራተኛ ፎቅ ማውረድ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። መታጠፊያው ሣጥን አያሳልፍም፤ ስለዚህ በየፎቁ ሣጥኑን አቁመን ማዞር ነበረብን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከውስጥ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ሲንሸራተት ሰማሁ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ የጻፍኩትን አነበብኩ፤ ሻምበል ደምሴ ጦር መሩ፣ ምሽግ ሰበሩ፣ ምን ያላደረግኳቸው ነገር አለ! የማዶው ኮሎኔል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ቀብር ላይ ቆሜ ደስ አለኝ።

ሣልስቱ እንዳለፈ የወረቀቱ ጉዳይ መጣ። እትዬ አስካለ የሚኖሩት በባላቸው ጡረታ ነው፤ ወደ ስማቸው ካልዞረ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ሰውየው በሕይወት ሳሉ አለመሞታቸውን ለማሳየት በየጊዜው እየሄዱ ይቀርቡ ነበር፤ አሁን ደግሞ መሞታቸውን ማሳየት የሚስታቸው ተራ ሆነ። የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤና በእጄ የጻፍኩትን የዕድሩን ማረጋገጫ ይዘን ወደ ጡረታ ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እማማ፣ ስሙ ይገጥማል፤ ግን እኛ ጋ ያለው ፋይል የሃምሳ አለቃ ነው። የዕድራችሁ ደብዳቤ ደግሞ ሻምበል ይላል። ሌላ ሰው ቢሆንስ? እባካችሁ አስተካክላችሁ አምጡልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከደብዳቤው ሥር የተንጋደደው ፊርማ የእኔ ነው።

የዕድሩ ኮሚቴ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ታፈሰ ጉዳዩን ሲሰሙ ብድግ አሉ።

«ምን? ሰውየው ሞቶ ማዕረጉን እንግፈፈው? ማዶዎቹ ምን ይሉናል?»

«ለምን እነሱ ፋይላቸውን አያስተካክሉም?» አለ ሌላው፣ የምሩን ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ አስካለ በር አጠገብ ፌስታላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሟቹ ወደ ቀድሞ ማዕረጋቸው እንዲመለሱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ማኅተም ተመታ። በዓለም ላይ የጦር ሹም ከማዕረጉ ዝቅ ያደረገ ሌላ ዕድር ስለመኖሩ አላውቅም።

በማግሥቱ በሚኒባስ ስንሄድ እትዬ አስካለ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። እኔ ሰሚትን እስክናልፍ ድረስ በሆዴ የይቅርታ ንግግር ሳዘጋጅ ቆየሁ። ባላቸውን በሰው ፊት ዝቅ ያደረግኩባቸው እኔ ነኝ።

ቢሮው ውስጥ ቁጥር ይዘው የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ የጦር ጡረተኞች ናቸው። ልጅቷ አዲሱን ደብዳቤ ተቀብላ ከፋይሉ ጋር አስተያየችው። ትንሽ ቆይታ በመስኮቱ ተጣራች።

«የሃምሳ አለቃ ደምሴ ባለቤት!»

እትዬ አስካለ ተነሡ። አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ልጅቷ ደነገጠች። «ተስተካክሏል እኮ እማማ! አልቋል!»

«ይቅር ይበሉኝ፣» አልኩ ክንዳቸውን ይዤ፤ «ማዕረጋቸውን እንዲህ ማድረጌ...»

«የምን ማዕረግ ነው?» አሉኝ። «የእኔ ባል ይሄ ነው። ያን ቀን ሻምበል ሻምበል ስትሉ የሌላ ሰው ሬሳ የሸኘሁ መስሎኝ ዕንባ አልመጣልኝም። ደምሴዬ የሞተው ዛሬ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ወረፋቸውን ትተው ከበቧቸው። «ሃምሳ አለቃን ነፍስ ይማር» እያሉ፣ የማያውቋቸውን ሰው ሚስት እንደ ወግ ማዕረጉ አስተዛዘኑ። ድንኳን ጥለን ሦስት ቀን የተቀመጥነው እኛ ይህን አላደረግንላቸውም።

እኔ የሚሞላውን ቅጽ ተቀብዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። የሟች ስም፣ ሞላሁ። የሟች ማዕረግ የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ከልማዱ «ሻ» ብሎ ጀመረ።

ሌላ ቅጽ እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ።