ልጄን ከቤት አላባረርኳትም

ውጭ ማደር ሁለት ዓይነት ነው። ቤት የሌለው ሰው ውጭ ሲያድር ችግር ይባላል፤ ቤት ያለው ሲያድር ደግሞ ሽርሽር። ሁለተኛው ዓይነት ግን እኛ ጋ፣ ሐረር ዳር ድሬ ጠያራ፣ ገና አልደረሰም። እዚህ ቤት እያለው ውጭ ያደረ ሰው ካለ፣ ያባረረው ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ ብዙ መናገር አልወድም። መንደሩ ስለ እኔ ሲያበዛ ጊዜ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ልጄ ሰሚራ አሜሪካ ነው የምትኖረው። ዘንድሮ ልትጠይቀን መጣችና፣ ሚስቴ ዘይነባ ያነጠፈችላትን አልጋ ትታ ማሽላዬ ዳር ድንኳን ተከለች። እዚያ ልማዷ ነው አሉ። እሷና ባሏ እረፍት ባገኙ ቁጥር ድንኳን መኪና ላይ ጭነው ከአንዱ የመንግሥት ደን ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ ድብ ባለበት ጫካ ተኝተው፣ ሲነጋ የጥንት ምሽግና የድሮ የገበሬ ጎጆ ያያሉ። ጎጆው በገመድ ታጥሮ «አትንኩ» ተብሎ ተጽፎበታል። እኛ ከዚያ ጎጆ ብዙ የሚበልጠውን የሐረርን ግንብ ኤረር በር ላይ ተደግፈን በቲማቲም ዋጋ እንከራከራለን። ግንቡ እስካሁን አልተቆጣም።

«አባ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ሌሊት አብረውኝ ይደሩ» አለችኝ። «እዚያ ጫካ ውስጥ ስተኛ ትዝ የሚሉኝ እርስዎ ነዎት።»

እምቢ አልኩ። ማሽላ ከከርከሮ ስጠብቅ ስንት ዘመን ውጭ አድሬያለሁ! ቆርቆሮ ቤት የሠራሁት ከዚያ ልገላገል ነው፤ ለመዝናናት ብዬ አልመለስበትም። እሷም አልለመነችኝም። በግትርነት በእኔ ነው የወጣችው። ብቻዋን ገብታ ዚፑን ዘጋች።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ማታ፣ የመንደራችን ሐጂ ኡመር ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ የሽምግልና ጫት ይዘው መጡ።

«ሙሜ፣ ልጅህ ምን አጠፋች?»

«ምንም።»

«ምንም ያላጠፋች ልጅ ሜዳ ላይ ትጣላለች? አላህን ፍራ!»

«ድንኳኑ የራሷ ነው፣ ሐጂ።»

«አስታግፊሩላህ! እንደምታባርራት ገና ከአሜሪካ ስትነሳ አውቃ ነው ድንኳን የያዘችው ማለት ነው!»

ሰሚራ ብቅ ብላ፣ «ሐጂ፣ ወድጄ ነው» አለች። ሐጂ እንባ ባቀረረ ዓይን አዩዋት። «አየህ፣ ገመናህን እየሸፈነችልህ ነው። ዛሬ ቤት ካላስገባሃት ከእንግዲህ ለሐዘንም ለሠርግም ደጅህን አንረግጥም።»

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ባስገባት፣ አባርሬያት ነበር ማለት ነው። ባላስገባት፣ እንዳባረርኳት ልቀር ነው። ስሜን የሠራሁት በአንድ ቀን አይደለም፤ ያልሠራሁትን ጥፋት ደግሞ ማንም ቢያስፈራራኝ አልቀበልም። ቤት ገብቼ ብርድ ልብሴን አነሳሁ። ሽማግሌዎቹ እያዩኝ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ተንበርክኬ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ።

ሰሚራ ሳቀች። ትራሷን ሰጠችኝና ክንዷን ተንተራሰች። ማሽላው ሲንኮሻኮሽ ያው የድሮው ድምፅ ነው፤ ከርከሮ መጣ አልመጣ ብሎ የሚጨነቅ ግን አልነበረም። ወላሂ፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግጄ ተመልሼ ጋደም እንዳልኩ ድምፅ ሰማሁ። ዚፑን ከፈት አድርጌ ሳይ፣ ሐጂ ኡመር ከነሽማግሌዎቻቸው ቤቴ ደጃፍ ቆመዋል፤ አዲስ እስር ጫት ይዘዋል።

«ዘይነባ» አሉ፣ «ባልሽ ምን አጠፋ?»

«ከየት ልጀምርላችሁ?» አለች ሚስቴ።

ዚፑን መልሼ ዘጋሁት።