የተዋስኩት ቅድመ አያት

በእኛ አገር ሰው ሲያረጅ ከሦስት ነገር አንዱ አያመልጠውም፤ ስኳር፣ ደም ብዛት፣ ወይም የቤተሰብ ታሪክ መጻፍ። ለሁለቱ መድኃኒት አለ። ሦስተኛው የያዘው ሰው ግን አዳራሽ ተከራይቶ፣ ፎቶውን በትልቅ ሸራ አሳትሞ፣ ዘመድ ወዳጁን ከየአገሩ በሚኒባስ ጠርቶ መጽሐፉን እስኪያስመርቅ ድረስ አይሻለውም። ወልቂጤ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ትንሽ የተሳካለትና እስካሁን መጽሐፍ ያልጻፈ ሰው ካወቃችሁ ንገሩኝ፤ ሄጄ ልጠይቀው። ታሞ ይሆናል።

እነዚህን መጻሕፍት አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። ሁሉን ነገር የመቁጠር አመል ስላለብኝ በውስጣቸው ያሉትን አያቶችም ቆጥሬያለሁ። ጀግናው ብዙ ነው፤ ዳኛው ብዙ ነው፤ አስታራቂውና ባለ ፈረሱ ሞልቷል። ከጠብ የሸሸ፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ የጎረቤቱን እንሰት በጨለማ የነቀለ አያት ግን አንድም አላገኘሁም። እነዚያ ሁሉ ሳይወልዱ ሞተው መሆን አለበት። ታዲያ ያ ሁሉ ዳኛ ማንን ሲዳኝ ኖረ?

እኔም ጻፍኩ። ከጉንችሬ ገበያ ተነስቼ፣ ቆዳና ሌጦ ነግጄ፣ ወልቂጤ ላይ መጋዘን ያቆምኩ ሰው ነኝ። ልጆቼ ንግዱን ሲረከቡኝ የመጋዘኑ በር ላይ ወንበር ሰጡኝ። ወንበር የተሰጠው ሽማግሌ ወይ ያንቀላፋል ወይ ይጽፋል። ስለ ራሴ መጻፉ ቀላል ነበር፤ ራስን ማመስገን ለካ ብዕር እንጂ ችሎታ አይጠይቅም። ችግሩ የመጣው ዘር ቆጠራው ላይ ነው። አባቴን ጻፍኩ። አያቴን ጻፍኩ። የአያቴ አባት ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ።

ረቂቁን ይዤ ቡታጅራ፣ ሀብቴ ዘንድ ሄድኩ። ሀብቴ በልጅነታችን በአንድ ወንበር የተማርን ወዳጄ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ የዘሩ መነሻ አረቅጥ ነው። አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«የአያትህ አባት የት ሄደ?»

«አላውቀውም።»

«የአያቱን አባት የማያውቅ ጉራጌ ዛሬ አየሁ! በል አታልቅስ፣ ከእኔ አንድ ውሰድ። እኔ እስከ አሥራ ሦስት እቆጥራለሁ፤ አንዱን ባካፍልህ አልደኸይም።»

ሰጠኝ። የሰጠኝም ተራውን አይደለም፤ በርጋን ነው፤ በዳኝነቱ በአረቅጥ ዙሪያ ዛሬም ስሙ የሚነሳውን። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ በርጋን ከአረቅጥ ወደ ጉንችሬ ማውረድ። ስንማከር ዋልንና ጉንችሬ ላይ ሁለተኛ ሚስት ዳርንለት። የሞተ ሰው እምቢ አይልም። ለሠርጉ ሦስት በሬ አረድኩ። ሀብቴ «አንድ ይበቃል» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የቆጠብኩትን በሬ በመጽሐፌ ላይ ልሰስት?

መጽሐፉ ተመረቀ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ አጨበጨበ፣ አንዳንድ ቅጂ በብብቱ ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስለ መጽሐፉ ትንፍሽ ያለኝ የለም። የእህቴ ልጅ ቤት ቴሌቪዥኑን ከፍ ለማድረግ ሲያገለግል አይቼዋለሁ፤ ወፍራም አድርጌ ማሳተሜ ለዚህ በጀ። «በዚህ አገር አንባቢ ጠፋ» እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ አሰለቸሁ። እግዜር ሰማኝ መሰለኝ፣ አንባቢ ላከልኝ።

የልጅ ልጄ ሜሮንና የሀብቴ የልጅ ልጅ ዳዊት ሊጋቡ ተነሱ። ደስታችን ወሰን አጣ። ሀብቴ ደውሎ «ወዳጅነታችን አሁን ገና ሥጋ ሊለብስ ነው» አለኝ። በጋሽ ሽብሩ የሚመሩ ሽማግሌዎች ወደ እኔ ላከ፤ አላስችል ብሎት ራሱም አብሯቸው መጣ። እንደ ደንባችን እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ በመካከሉ የጋራ አያት ከተገኘ ጋብቻ የለም። ልቆጥር ጉሮሮዬን ስጠርግ ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን አነሱ።

«አንተ አትድከም። ጽፈኸው የለም እንዴ?» አሉና ከጋቢያቸው ሥር መጽሐፌን አወጡ። በየገጹ በእርሳስ ተሰምሮበታል።

«በርጋ ለልጅቱ አምስተኛ፣ ለልጁ ስድስተኛ አያት ነው። እህትና ወንድም ናቸው። አይሆንም።»

ከጓዳ የሜሮን ሲቃ ተሰማኝ። ሀብቴን አየሁት፤ ኮርኒሱን ይመረምራል።

«ጋሽ ሽብሩ፣ መጽሐፍ ላይ ያለው ሁሉ እኮ...»

«የታተመ ነው! አፍ ይሳሳታል፣ ማተሚያ ቤት ይሳሳታል?»

«በርጋ የእኔ አያት አይደለም። ከሀብቴ ተውሼው ነው።»

«እንግዲያስ ያንተ ማን ነው?»

ተካ ይባላል። አሳምሬ አውቀዋለሁ። ቆዳ ፋቂ ነበር። የእኛ ሰው ቆዳውን ይተኛበታል፣ ይጫማዋል፣ ይነግደዋል፤ የፋቀውን ግን ከማዕዱ አያስቀርበውም፣ ልጁንም አይሰጠውም። «ይሄ ድሮ ቀረ» ይባላል። የሚቀረው በስብሰባ ላይ ነው፤ ሽማግሌ ሲላክ ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ ዝም ብል ልጅቷ የዳዊት እህት ሆና ልትቀር ነው፤ ብናገር የፋቂ ዘር ተብላ ልትቀር ነው። ሒሳቡን ደጋግሜ ሠራሁት። በሁለቱም በኩል ኪሳራ ነው።

«ተካ» አልኩ። «ቆዳ ይፍቅ ነበር።»

አንደኛው ሽማግሌ ያነሱትን ብርጭቆ ሳይቀምሱ ቀስ አድርገው መለሱት። ሀብቴ ብድግ አለ።

«እሰይ! ዘመድ አይደለንማ! ልጅቷን ስጡን።»

«የሰማኸው ገብቶሃል?» አሉት ጋሽ ሽብሩ።

«ያኔም ገብቶኛል። በጎረምሳነቱ የሸጠውን የሌጦ ዋጋ ዛሬም ሳይሳሳት የሚነግረኝ ሰው የአያቴን አባት ረሳሁ ሲለኝ ያመንኩት መሰላችሁ? በርጋን የሰጠሁት ስላላወቀ አይደለም፤ ስላፈረ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ሰውዬ፣ እሱ ፋቀው፣ አንተ ከበርክበት። ማፈር የነበረበት እሱ በአንተ ነው።»

የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ የሚዘርፍ ሲባል ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ብርጭቆውን የመለሱት ሽማግሌ እግራቸውን ቀስ ብለው ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ፤ የተጫሙት ቆዳ ነው። ጋሽ ሽብሩ ሀብቴን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ በመጨረሻም «ባለቤቱ ከወደደ እኔ ምን አገባኝ» ብለው መረቁ። ጓዳ ውስጥ እልል ተባለ።

ልሸኛቸው ወጣሁ። ጋሽ ሽብሩ ከሌሎቹ ቀረት ብለው ክንዴን ያዙኝ።

«በርጋን እንግዲህ ከመጽሐፉ ልታወጣው ነው?»

«አዎ። በሁለተኛው እትም ተካ ይገባል።»

«ጉንችሬ አላገባም በለኛ።»

«አላገባም፣ ጋሼ።»

ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ደግሞ በርጋን ቡኢ ላይ ድሬዋለሁ። መጽሐፌ ማተሚያ ቤት ገብቷል።»

«ያላገባ የልጅ ልጅ አለዎት?»

«አራት።»

«ከአረቅጥ ልጅ ጋር የሚታይ?»

ጋሽ ሽብሩ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወርወር አድርገው፣ ከደጄ ሳይወጡ ስልካቸውን አወጡና ማተሚያ ቤት ደወሉ።