አንደኛ የወጣው ባልዲ

ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የድንች ልጣጭ ተንቆ ሲጣል ኖሯል። ክብሩን የመለሱለት፣ ምስጋና ይግባቸውና፣ የሃያ አራቱ አባወራዎች የኮምፖስት ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው።

ሊቀ መንበሩ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት በዲሬክተርነት መርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ከቤቶቹ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ለማኅበሩ ሲሰጥ ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ የወጥ ቤት ትርፍራፊ አበስብሰው አፈር ካላሳዩ ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሆናል። ሊቀ መንበሩ ይህን ቦታ ማጣት አይችሉም። ባለቤታቸው ጥጉ ላይ ቲማቲም ተክለዋል፤ ከባላቸው ጋር የማይጣሉት ደግሞ ከቲማቲሙ ጋር ሲያወሩ ብቻ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። ልጣጩን ቦታው ላይ በቆመው ሣጥን ውስጥ መጣል፣ መጠበቅ፣ በቃ። ነገር ግን ቀላል ሥራ ለሊቀ መንበር አይመጥንም!

«ውድድር በሌለበት ልማት የለም!» አሉ በመጀመሪያው ስብሰባ። ተጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የየቤቱ የልጣጭ ባልዲ ይሰለፋል፤ ሊቀ መንበሩም መነጽራቸውን አድርገው በንጽሕና፣ በመልክና በጠረን ማርክ ይሰጣሉ። ከአንደኛ እስከ ሃያ አራተኛ ያለው ደረጃ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የጥርስ ሐኪሟ የብርቱካን ልጣጭ አንደኛ ወጣ። የልብስ ሰፊው የጠቆረ የሙዝ ልጣጭ ሃያ አራተኛ ሆኖ በቀይ ብዕር «ቤተሰቡ ይመከር» ተባለበት።

«ጌታዬ፣ በስብሶ እኮ ነው!» አለ ልብስ ሰፊው።

«ታዲያ የበሰበሰ ነገር ወደ ኮምፖስት ይመጣል እንዴ?» አሉ ሊቀ መንበሩ ከልብ አዝነው።

የልብስ ሰፊው ደም ፈላ። በሳምንቱ በበረኪና ያጠበውን ካሮት፣ ሙሉ ሙሉውን፣ ደርድሮ ብቅ አለ። አንደኛ! የጥርስ ሐኪሟ ደግሞ ማን ከማን ያንሳል ብላ ያልተላጠ ብርቱካን በደርዘን ይዛ መጣች። ከዚያማ ማን ይቻለው! አንዱ እንቁላል ወልውሎ፣ ሌላዋ ጎመን በሪባን አስራ ትመጣ ጀመር። ዝንቦቹ ተስፋ ቆርጠው ሰፈሩን ለቀቁ።

በዚህ መሀል የሊቀ መንበሩ ቤት፣ በራሳቸው ማርክ፣ ዘጠነኛ ወጣ። የዲሬክተር ቤት ዘጠነኛ! ሰውየው ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ወጥ ቤት ገብተው የተላጠውን ድንች ከድስቱ አነሡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ድንቹን ወዴት ነው?»

«ለልማት ነው።»

«እኛስ ምን ልንበላ?»

«ልጣጩ አለ አይደል?»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አሉ ባለቤታቸው፤ ግን ምን ይደረግ፣ ልጣጩን ቀቀሉት። ሊቀ መንበሩም በሉ፤ እንዲያውም ይጨመርልኝ አሉ። በሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ ነበር፤ ብቻ ማንም ለማንም አልተናገረም።

ስድስት ወሩ ሞላና ከማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ጓንቷን አጥልቃ፣ አካፋ ይዛ ሣጥኑን ከፈተች። አንድ ሙሉ ካሮት አነሣችና አገላበጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮምፖስት ነዋ!» አሉ ሊቀ መንበሩ ደረታቸውን ነፍተው። «ሁሉም በበረኪና የታጠበ ነው። ቢፈልጉ ቢፈልጉ አንድም የበሰበሰ አያገኙም።»

«እሱንስ አይቻለሁ። ትርፍራፊውስ? ልጣጩ የት ሄደ?»

አባላቱ ሁሉ ጫማ ጫማቸውን አዩ። ከቲማቲማቸው ፊት እጃቸውን ዘርግተው የቆሙት የሊቀ መንበሩ ባለቤት ግን አላስቻላቸውም።

«በላነዋ!» አሉ።

ተቆጣጣሪዋ ብዙ ጻፈች። በመጨረሻ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች፦

«ይህ ሰፈር ከወጥ ቤቱ አንዳችም ትርፍራፊ የማይወጣው፣ ለከተማው አርአያ የሚሆን ሰፈር መሆኑ ተረጋግጧል።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ልብስ ሰፊው አፏጨ፤ የጥርስ ሐኪሟ እልል አለች።

«ስለሆነም» ብላ ቀጠለች ተቆጣጣሪዋ፣ «ትርፍራፊ ለሌለው ሰፈር የኮምፖስት ቦታ ስለማያስፈልግ፣ ቦታው ከሰኞ ጀምሮ መኪና ማቆሚያ ይሆናል።»

የሊቀ መንበሩ ባለቤት ተንበርክከው ቲማቲሙን ከነሥሩ መንቀል ጀመሩ።

ሊቀ መንበሩ ወደ ተቆጣጣሪዋ ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ... ከጎበኟቸው ሰፈሮች ስንተኛ ወጣን?»

«አንደኛ።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ሰማሽ?» አሉ።